አባባ፣ ግድግዳውን አያስነኩ

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ታናሼ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፁን ሊውጥ ይችላል። እዚያ ላይ ያስደግሙት።

ባለፈው እሱው በስልክ የድንጋይ ቤታችንን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ እንዳሰበ ነገረኝ። የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። አሁን መልሱን አግኝቻለሁ፤ ግን ከምሠራበት ቤት ልጀምር።

የማጸዳው የእንግዳ ማረፊያ ደቡብ ጣልያን ውስጥ፣ ኦትራንቶ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ድሮ የባለርስት የእርሻ ግቢ ነበር። «ማሴሪያ» ይሉታል። ጌታው ፎቅ ላይ፣ ገበሬው ምድር ቤት፣ በጎቹ በካብ በታጠረ በረት። የዳቦ ምድጃውም ጸሎት ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ሲያዩት ግን ምሽግ ይመስላል። በፈረንጆቹ 1480 የቱርክ መርከቦች መጥተው ኦትራንቶን ያዙ። እኛ ጋ የአፄ እስክንድር ዘመን መሆኑ ነው። ያኔ የታረዱት ሰዎች አጽም እስከ ዛሬ ካቴድራሉ ውስጥ በመስታወት ተደርድሮ ይታያል። አይቼው የመጣሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያም በኋላ የባሕር ወንበዴ ፍርሃት ለረጅም ዘመን አልለቀቃቸውም። ስለዚህ መግቢያውን ፎቅ ላይ አደረጉት። የውጩ ደረጃ ከግድግዳው አይገጥምም፤ መሐሉ የእንጨት ድልድይ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ ያነሱታል። ከበሩ አናት ላይ ደግሞ ድንጋይና የፈላ ነገር የሚለቁበት ቀዳዳ አለ። አሁን የርግብ ኩስ ይሞላዋል፤ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ድንጋዩን ቢያዩት ይስቃሉ። ቢጫ ነው፤ የሌቼ ድንጋይ ይባላል። ከጉድጓድ ሲወጣ እንደ ጣውላ በመጋዝ ይቆረጣል፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። እርስዎ በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ስንት መሮ እንዳዶለዶሙ ሳስብ ቀናሁባቸው። እንጨት ስለሚቸግራቸው ጣሪያውንም በድንጋይ ነው የደፈኑት። ከአራቱ ማዕዘን የተነሱት ቅስቶች መሐል ላይ ሲገናኙ ኮከብ ይሠራሉ።

ባለፈው ወር አንድ ክፍል ውስጥ ኖራው ተላቆ ግድግዳው ተከፈተ። ግንበኛው ምሳ ሲወጣ እጄን አስገባሁ። በክንዴ ለካሁት፤ ሦስት ክንድ ሆነ። ፊቱና ጀርባው የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ሆዱ ግን ጠጠርና ቀይ አፈር። በየመሐሉ ከፊት እስከ ጀርባ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ገብቷል። አባባ፣ የእርስዎ ግድግዳ እኮ ነው! ልጅ ሆኜ ጠጠር ሳቀብልዎ «ሆዱ ካልጠገበ ፊቱ ይረግፋል» ይሉኝ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ። ግንበኛው ተመልሶ ሲያገኘኝ አቧራ ገባብኝ አልኩት።

ከግቢው ሥር ዓለት ተፈልፍሎ የወይራ ዘይት መጭመቂያ ተሠርቷል። ዓለት መፈልፈል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘይት ብርድ ሲነካው ስለሚረጋ ነው ወደ መሬት ሆድ የወረዱት። በቅሎ ወፍጮውን እየዞረች፣ ሠራተኞቹ የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፉ ነበር። ዘይቱ በዚሁ አካባቢ ባለው በጋሊፖሊ ወደብ ወጥቶ እንግሊዝ አገር ድረስ ለመብራት ይሄድ ነበር። የወይራ ዛፎቹ ግን ዛሬ ቆመው ደርቀዋል። ክሲሌላ የሚባል በሽታ በፈረንጆቹ 2013 ተገኘና ሚሊዮኖችን ጨረሰ።

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መሬቱ ለገበሬ ሲከፋፈል፣ ወጣቱም ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች ሲነጉድ፣ ብዙዎቹ ማሴሪያዎች ባዶ ቀሩ። አሁን ባለገንዘቦች እየገዙ ያድሷቸዋል። እንግዳው ለአንድ ሌሊት የሚከፍለው የሳምንት ደሞዜን ያህል ነው። ምን ፈልጎ? ነሐሴ ላይ ውጭው እሳት ሲሆን ያ ወፍራም ግድግዳ ውስጡን ቀዝቃዛ ያደርግለታል። የእኛው ደግሞ የመንዝን ውርጭ ሲመክት ኖሯል።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጮክ ብለህ አንብብ። ሳሩ ማፍሰሱ እውነት ነው፤ ቆርቆሮ ምታበት፣ አልከለክልህም። በሰሜን በኩል ያለው ማዕዘን ጭቃው ረግፏል ብለኸኛል፤ ክረምት ሳይገባ ይመረግ። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያሳዩህ፤ እጅህም ይልመድልህ።

እማማን ሳሙልኝ። የላክሁት ብር ለቆርቆሮና ለምርጊት ነው። ለብሎኬት አይደለም።

ልጅዎ