የደቻቱ መሻገሪያ እንዲናገር

ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፍላችሁ ከከዚራ ሰፈር ነው። ሙያዬ አርክቴክቸር ነው።

የደቻቱን ወንዝ ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አይለቀኝም። መሻገሪያው ራሱ ለምን አይናገርም? ወደ ላይ ራቅ ብሎ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ይተከል። ውሃው ሲነሳ መሻገሪያው ላይ ያለው መብራት ቀለሙን ይቀይር፣ ድምፅም ይሰማ። ሲወራ ቀላል ነው። ግን ድምፁ በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ ወይስ በሶማሊኛ? የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ሰው ሲደነግጥ ወዴት ይሮጣል? ሦስት ጊዜ በከንቱ ከጮኸ በአራተኛው ማን ይሰማዋል? ሴንሰሩን የሚገጥመው ልጅ ይህን አልተማረም። የሰው ባሕርይ ያጠናችው ደግሞ ሽቦ ነክታ አታውቅም። እኔም ደረጃውንና ግድግዳውን እንጂ ኮዱን አልችለውም።

የምጠይቃችሁ እነዚህን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ለሰው ምላሽ የሚሰጡ ቦታዎችን አብረው ይንደፉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ትምህርት በኪነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየቦታው የምናየው አርዱዊኖ የተባለው፣ ሴንሰርና መብራት አገናኝተው በኮድ የሚያዙበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር የተሠራው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ተብሎ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ አይመስለኝም። ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራዬን ከኤሌክትሪካል ተማሪ ጋር ልሥራ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ውጤቱን ማን ይሰጣል?» ተባልኩ። በዚያው ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል። እባካችሁ ይህችን ጥያቄ አስቀድማችሁ ፍቱልን። ሦስት መምህራን አብረው ያስተምሩ፣ ውጤቱንም አብረው ይስጡ። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሴሚስተርና አንድ ሰፊ ክፍል ይበቃል። ይቺ ከተማ እኮ ያደገችው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ አናጺውና ኤሌክትሪሻኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ።

ከደቻቱ ሲጨርሱ ሐረር ቅርብ ነው። ጀጎል ገብተው የሐረሪን ቤት ይዩ። መደቦቹ ከፍና ዝቅ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንግዳ ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። ያለ አንድ ሽቦ! እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ትምህርት እዚያ ነበር የምሰጠው።

ፈቃዳችሁ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። የመሻገሪያውን ልኬትና የሳልኩትን ንድፍ ይዤ ቢሯችሁ እመጣለሁ። ቀጠሮ ብቻ ስጡኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነዋሪ