አዋሽ ሄደው አንበሳ ብቻ አይፈልጉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰው ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንበሳ አየህ?» ተብሎ ነው። አላየሁም ካለ ጉዞው እንደከሸፈ ይቆጠራል። የኬንያውን ማሳይ ማራ በቴሌቪዥን እያየን የለመድነው ሳይሆን አይቀርም።

የአዋሽ ጌጥ ግን ሳላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ የደረሰ ሰው ጦር የመሰሉ ቀንዶቹን ያያል። ከርከሮውም፣ እንሹም አሉ። ፏፏቴው ጋ ደግሞ አዞ አለ። ብቻ ሹፌሩን «ትንሽ ጠጋ በልልን» እያልን ከመንገድ አናስወጣው። ሣሩ የእንስሳቱ ቀለብ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። ከባድ መኪናው ሌት ተቀን ይከንፋል፤ እንስሳቱም ይገጫሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ፣ ከአገሪቱ ቀደምት ፓርኮች አንዱ ውስጥ ይህ መሆኑ ያሳፍራል። በዚያ መንገድ ላይ በተለይ ሌሊት ፍጥነት የሚቆጣጠረው ማን ነው? መንገዱ ላይ ጉብታ መሥራትስ ይህን ያህል ይከብዳል? የሚመለከተው ክፍል በዚሁ ዓምድ ቢመልስልን ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
የዘወትር አንባቢዎ ከአዳማ