ጉዳዩ፦ ደህና በሆኑ ዲስኮች ላይ የተሰጠው «ተቃጥሏል» የሚል የምርመራ ውጤት እንዲሻርልን ስለመጠየቅ

ለኮምፒውተር አቅራቢው ድርጅት
የጥገናና ዋስትና ክፍል
አዲስ አበባ

ከድርጅታችሁ ከገዛናቸው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች መካከል አራቱ ሲከፈቱ ቡት የሚደረግበት ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት አሳይተው ይቆማሉ። ቴክኒሻኖቻችሁ ኤስኤስዲዎቹ (የመረጃ ማከማቻ ዲስኮቹ) በመብራት መዋዠቅ እንደተቃጠሉ፣ ዋስትናው ይህን እንደማይሸፍንና አዲስ ዲስክ መግዛት እንዳለብን በጽሑፍ ገልጸውልናል። ውሳኔውን አንቀበልም።

ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ሲገባ የዲስኮቹ ስምና መጠን በትክክል ይታያል፤ የተቃጠለ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እዚያም አይገኝም። በእጃችን የቀሩትን ሁለቱን ፈትተን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስናገናኛቸው ፋይሎቹ በሙሉ ተከፍተዋል፣ የስማርት (ዲስኩ የራሱን ጤንነት የሚከታተልበት) ምርመራውም ብልሽት አላሳየም። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመዱንና መሰኪያውን መቀያየርም ለውጥ አላመጣም።

ችግሩ ያለው ባትሪውና የዊንዶውሱ አጫጫን ላይ ነው። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ 3 ቮልት መስጠት ሲገባው በመልቲሜትር ሲለካ 2.3 ቮልት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ኃይል የባዮሱን ቅንብር ይዞ ስለሚያቆይ የባትሪው መድከም አይታወቅም። መብራት ሲጠፋ ወይም ዓርብ ማታ ብሬከሩ ሲወርድ ግን ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቅንብሩም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ብልሽቱ ሰኞ ጠዋት የሚበረታውም ለዚህ ነው። የእነዚህ ማሽኖች የፋብሪካ ቅንብር ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ብቻ ሲሆን ቴክኒሻኖቻችሁ ዊንዶውሱን የጫኑት በሌጋሲ (በአሮጌው የማስነሻ ዘዴ)፣ በኤምቢአር (በአሮጌው የፓርቲሽን አከፋፈል) ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ባዮሱ የዩኢኤፍአይ ማስነሻ ፓርቲሽን ፈልጎ ያጣል፣ ዲስኩን እያየውም ቡት ሊያደርግበት አይችልም። ሴኪውር ቡት (ያልተፈረመ ማስነሻን የሚከለክለው ጥበቃ) ጠፍቶ ሲኤስኤም (የሌጋሲ ማስነሻን የሚፈቅደው ቅንብር) ሲበራና በኤፍ10 ሴቭ ሲደረግ ዊንዶውሱ ወዲያው ይነሳል። ይህን በአምስት ደቂቃ ማረጋገጥ ሲቻል ደንበኛን ለዲስክ ወጪ መዳረግ ተገቢ አይደለም።

ባትሪ መቀየር ብቻውን በቂ አይደለም፤ አዲሱም አንድ ቀን ይደክማል። ስለዚህ በዋስትናው መሠረት ባትሪዎቹ እንዲቀየሩና ዲስኮቹ ፎርማት ሳይደረጉ ወደ ጂፒቲ (ከዩኢኤፍአይ ጋር ወደሚሠራው የፓርቲሽን አከፋፈል) እንዲለወጡ እንጠይቃለን። ለዚህ የሚያገለግለው ኤምቢአር-ቱ-ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1703 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። አስቀድሞ ባክአፕ ይወሰድ፤ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ ለጊዜው ይቁም፤ ዋና ፓርቲሽኖቹ ከሦስት እንዳይበልጡ ይታይ። ልወጣው ከመጀመሩ በፊት የማረጋገጫ ትእዛዙ ይሂድ፣ ሲያልቅም ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ቢመለስም ኮምፒውተሩ ይነሳል። በባዮሱ ውስጥ ያለው የሳታ ሞድ (የዲስኩ አሠራር ቅንብር) ግን ከኤኤችሲአይ እንዳይነካ፤ ከተቀየረ ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል።

በወርክሾፓችሁ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች የደመወዝና የሒሳብ ፋይሎች ስላሉባቸው ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችን ፎርማት እንዳይደረጉ በጥብቅ እናሳስባለን። የተሰጠን የምርመራ ውጤት ተሽሮ መልሳችሁ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይድረሰን።

ከሰላምታ ጋር
የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል