ከማክሰኞ እስከ ማክሰኞ፦ የታሪክ ክበብ ዓመት

የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ዘንድሮ ሥራውን በሙግት ጀመረ። ግማሹ አባል እንደ ወትሮው ዓድዋ ይሁን አለ። የተቀረው አዲስ ነገር ፈለገ። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ሰሞን። ዓድዋን ያየ ሰው የለም፤ ይህን ያዩት ግን እቤታችን ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ።

ሳምንቱ ለሥራም ይመቻል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ዚምባብዌ የሄዱት ግንቦት 13፣ ማክሰኞ ነው። ታንኮቹ ከተማ የገቡት ግንቦት 20፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ። ልጆቹ በመሃሉ ያሉትን ቀናት ተከፋፍለው የየራሳቸውን ጠያቂ መደቡ።

አንድ ሕግ አወጣን። የሚመዘገበው ሰውየው በዓይኑ ያየው ብቻ ነው። «ተባለ»፣ «ይወራ ነበር» አይገባም። ይህች ሕግ ብዙ ሰው አስቀየመች። አንድ አባላችን በየበዓሉ ሲሰማው ያደገውን የአጎቱን የቤተ መንግሥት ውጊያ ታሪክ ይዞ መጣ። አጎትየው ሲጠየቁ ያን ዕለት ደብረ ዘይት ነበሩ! ልጁ ሁለት ሳምንት አኩርፎ ከረመ።

ሕጉ ያተረፈልን ግን ይበልጣል። የአንዷ ተማሪ አያት ስለ ግንቦት 20 ጠዋት ሲጠየቁ «ምንም አላየሁም፣ በሬን ዘግቼ ነበር» አሉ። ልጅቷ ብልህ ናት፤ በሩ እንዴት ያለ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቆርቆሮ ነው፤ ከታች ክፍተት አለው። እሳቸውም መሬት ተኝተው በዚያች ክፍተት አይተዋል፤ የሚታየው እግር ብቻ ነው። እስከ ትናንት የሚያልፈው ከስክስ ጫማ ነበር። ያን ጠዋት ግን የላስቲክ ጫማ፣ ካልሲ የሌለው፣ አቧራ የጠጣ የልጅ እግር። «መንግሥት እንደተለወጠ ያወቅሁት በዚያ ነው» ብለዋል። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ቃለ መጠይቅ ይህ ነው።

የሌኒን ሐውልትም ብዙ አከራከረ። ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመውን ሐውልት ያፈረሱት ታጋዮቹ ናቸው የሚሉ ወላጆች በርካታ ናቸው። ሐውልቱ የወረደው ግን ሐሙስ ግንቦት 15 ነው፤ ታጋይ ገና ከተማ አልገባም። ሌኒን እግሩን አንስቶ ወደ ቦሌ ስለሚራመድ «ድሮም ሊሄድ ነበር» ይባል እንደነበር የነገሩን አባት አሉ። ይህ ቀልድ በሕጋችን መሠረት መውጣት ነበረበት። ልጆቹ ድምፅ ሰጥተው አስቀሩት፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዓርብና ቅዳሜ የደረሰው ቡድን ደግሞ ጭራሽ ያልጠበቀውን አገኘ። ያን ሰሞን የእስራኤል አውሮፕላኖች ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ አጓጉዘዋል። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 ሰው በላይ ጭኗል። ያው ዓርብ፣ ግንቦት 16፣ ሻዕቢያ አስመራ ገባ። ተማሪዎቹ እነዚህን ሁለቱንና የደርግን መውደቅ ከዚህ በፊት ያውቋቸዋል፤ አንድ ሳምንት ላይ መሆናቸውን ግን ግድግዳው ላይ ሲለጥፉ ነው ያዩት። ሰኞን ማንም አልፈለገውም ነበር፤ የለንደን ድርድር ነው፣ ሰነድ ብቻ። ግን ኢሕአዴግ ሥርዓት እንዲያስከብር ከተማዋን ይያዝ የሚለው የአሜሪካው አሸማጋይ የኸርማን ኮኸን ሐሳብ የመጣው ያን ዕለት ነው። ሰኞ ባይገባ የማክሰኞው ነገር እንዴት ይገባል?

ከባዱ የስሜት ነገር ነው። የአንዱ አባት ደስታቸውን ሲናገሩ፣ የሌላዋ አያት የወታደር ልብሳቸውን በሲቪል ለውጠው በእግር ወደ አገራቸው መሄዳቸውን ተናገሩ። ሁለቱ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱንም ጽሑፎች ጎን ለጎን ሰቀልናቸው፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን በሳንቲም ጣሉት።

ኤግዚቢሽኑ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ሁለት ሳምንት ቆየ። ካርቶኑ አጥሮን የጀርባውን ገጽ ተጠቅመናል።

ለመጪው ዓመት የታሰበው ከሰኔ 24 ቀን 1983 ጀምሮ በአፍሪካ አዳራሽ የተካሄደውና የሽግግሩን ቻርተር ያጸደቀው ጉባኤ ነው። በአስተርጓሚነት፣ በሹፌርነት፣ በመስተንግዶም ቢሆን እዚያ የነበረ ዘመድ ያላችሁ ለክበቡ ጸሐፊ ንገሩ። አጎትየው ደብረ ዘይት እንዳልነበሩ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።