አማርኛው ከነጠላ ዜማው አይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በባህል ገጻችሁ ላይ የሮክ ባንዶቻችን ለውጭ ገበያ የሚያወጡትን ነጠላ ዜማ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሠሩት ይሻላል የሚል አስተያየት አንብቤ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የሙዚቃ ኩባንያ በእንግሊዝኛ አይሸጥልንም ብሎ ስለወተወተ፣ የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች ፓሪስ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸውን በጀርመንኛ ቀድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጀርመኖቹም የቢትልሶችን ዘፈኖች እንዳሉ በእንግሊዝኛ ነው የሰሟቸው። ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረኝ የሌላው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ፣ የኩዊን ሥራ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ የደረሰው፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ገበያ በነጠላ ዜማነት የወጣው «ቴኦ ቶሪያቴ» ስንኞቹ እንግሊዝኛ ሆነው አዝማቹ ላይ ጃፓንኛ ገብቶበታል፤ ለዚያም ቋንቋውን የምታውቅ አስተርጓሚ ረድታቸዋለች። የራሳቸውን ሳይጥሉ ወደ እንግዳው ቀረቡ። የእኛው ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ም በ1986 እ.ኤ.አ. በአንድ የቤልጂየም ኩባንያ ለአውሮፓ ሲታተም፣ የፈረንጅ ጆሮ የወደደው በአማርኛው ነው።

በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ ይህችን ስንኝ ክፍል ይዛ መጣች፤

የወንዜ ልጅ መቼ ይመጣል ብላቸው፣
ገና ነው ይላሉ፣ ገና ነው መልሳቸው።

«ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ «ና» ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል ይሆናል። ጽሑፉ አይለያቸውም፣ ዘፋኝ ግን ፊደሏን በዜማ እየሳበ ሁለቱንም ሊያሰማ ይችላል። ተማሪዎቼ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሷት ሰጠኋቸውና ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ አንዱን ፍቺ ሲይዙ ሌላው ያመልጣቸዋል። በመጨረሻ አንድ ልጅ ስንኟን እንዳለች ትቶ ፍቺዋን ከሥሯ በሁለት መስመር ጻፈ፤ ደግሞም ልክ ነበር።

ባንዶቻችንን የምለምነውም ይህንኑ ነው። ቅኔ ፍለጋ ተማሪው ከሩቅ አገር ዋሸራና ዲማ ድረስ በእግሩ ይመጣበት በነበረው በጎጃም ተወልጄ፣ ጊታሩና ከበሮው ሳይነካ ቃሉ ብቻ ለገበያ ሲባል ሲነቀል ማየት ያመኛል። ለቀረጻና ለቪዲዮ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ባንድ ለአንድ ጥሩ ተርጓሚ የሚከፍለው አያጣም፤ ትርጉሙን በቪዲዮው ግርጌና ከዘፈኑ መግለጫ ጋር ቢያወጣው አድማጩ ቶኪዮም ይሁን በርሊን እየሰማ ያነባል። እንግሊዝኛ አዝማች ከፈለጉም ይጨምሩበት፣ አማርኛውን ግን አያውጡት።

እናንተም ስለ አዲስ ነጠላ ዜማ ስትጽፉ ግጥሙን ከነፍቺው ብታትሙልን፣ እኔና ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እንሠራበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ደብረ ማርቆስ