ትንሽ የሚመስለውን ጥያቄ በሁለት መስመር አትዝጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የታሪክ ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ከሁሉም የምወደው የአንባቢያን ጥያቄ የሚመለስበትን ዓምድ ነው። ቅር የሚለኝ መልሶቹ ገና መጣም ሳይጀምሩ ማለቃቸው ነው።

አንድ ሰዓት ለምን 60 ደቂቃ ሆነ? መልሱ ብዙ ጊዜ “ከባቢሎናውያን የመጣ ነው” ይባልና ይታለፋል። እውነት ነው፤ እነሱ በ60 ይቆጥሩ ነበር። 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለሒሳብ ይመቻል። ዋናው ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን አቆጣጠር ሊያፈርሱ የተነሱ መንግሥታት ነበሩ!

የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 ቀኑን በ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን በ100 ደቂቃ ከፈሉት። ሳምንቱንም 10 ቀን አደረጉት። ቤተ ክርስቲያንን ከሕዝቡ የዕለት ኑሮ ማስወጣት ፈልገው ነበር። በየ7 ቀኑ ያርፍ የነበረ ሠራተኛ 10ኛውን ቀን ጠብቅ ተባለ። አዲሱ ሰዓት በ1795 ግዴታነቱ ቀረ። ካላንደሩን ደግሞ ናፖሊዮን ከ1806 መጀመሪያ አንስቶ ሻረው።

ሶቪየት ኅብረትም በ1929 የ5 ቀን ሳምንት አመጣች። ፋብሪካ እንዳይቆም ሠራተኛው በ5 ቡድን ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚያርፈው በየራሱ ቀን ነው። ሚስት ስታርፍ ባል ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። በ1931 ሳምንቱ 6 ቀን ሆነ፤ የ7 ቀኑ ሳምንት የተመለሰው በ1940 ነው። እስቲ አስቡት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚውልበትን ቀን መንግሥት ሲበትነው! ፖለቲካ እቤት ድረስ እንዴት እንደሚዘልቅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የተሳሳተ ወሬ ስታርሙም እንዲሁ ነው። “ናፖሊዮን ድንክ አልነበረም” ማለት ብቻውን አይበቃም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ነበር፤ ለዘመኑ ሰው መካከለኛ ነው። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? በፈረንሳይ ልኬት 5 ጫማ ከ2 ኢንች ተብሎ ተመዘገበ፤ የፈረንሳዩ ኢንች ግን ከእንግሊዙ ይረዝም ነበር። እንደ ጄምስ ጊልሬይ ያሉ የእንግሊዝ ካርቱኒስቶችም በጦርነቱ ዘመን ትንሽዬ አድርገው ሳሉት። የጠላት ሥዕል ከ200 ዓመት በላይ ሲታመን ኖረ ማለት ነው። ይህን እያወቅን እንዴት በአንድ መስመር እናልፈዋለን?

ቦታ ከጠበባችሁ በአንድ እትም አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ። ማን እንደወሰነ፣ የማን ኑሮ እንደተነካ፣ ነገሩ በምን እንደታወቀ ጨምሩበት። የታሪክ ሰዎች የማይስማሙበት ከሆነም እንደማይስማሙ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ