ባሕር ዛፉን ገና አትቁረጡት

ወንድሜ፣ ሰላም ናችሁ ወይ? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ የጅዳ ሙቀት ነው እንጂ ሌላው ምንም አይልም።

የላክህልኝን የግቢውን ሊሾ ፎቶ ማታ ከሥራ ገብቼ ሳየው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ሊሾ እኮ እዚህ መጥቼ መጀመሪያ በላክኋት ብር የተሠራ ነው። አሁን እንዲህ ጎብጦ፣ የውጭ በሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ እየነካው አልከፈት ብሎ፣ ባጃጅህን ውጭ እያሳደርክ መሆኑን ስሰማ ተናደድኩ። ግን ግንበኛው «ዛፉን ጣሉት፣ ቤቱንም የሰነጠቀው እሱ ነው» አለ ያልከኝ አልተዋጠልኝም። ግንበኛ መቼም የሚያፈርሰው ነገር አያጣም።

እኔ እዚህ የሰው ግቢ አትክልት ስንከባከብ ከሥር ጋር ስታገል ነው የምውለው። ኮኖካርፐስ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ሙቀት ይችላል ብለው በየአጥሩ ተክለውት አሁን በሥሩ ያማርራሉ። ባለፈው የፍሳሽ ቱቦ ተዘጋ ተብሎ ስንቆፍር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ከክንዴ የሚረዝም ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ቱቦውን ግን እሱ አልሰበረውም። መገጣጠሚያው ቀድሞ ላልቶ ያንጠባጥብ ነበር፣ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ገባ።

ስለዚህ ሁለቱን አታምታታ። ሊሾው የዛፉ ሥራ ነው፣ አልከራከርም። ከግንዱ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ አብዛኛው ሥር ደግሞ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ሲወፍር ኮንክሪቱን ያነሣዋል። የቤቱ ስንጥቅ ግን በጓዳው በኩል ነው፣ ዛፉ በዚያኛው ማዶ። በጓዳው ጥግ ምን አለ? ሮቶው! ውሃ በመጣ ቀን ሞልቶ ሲፈስ የሚያድረው እዚያው መሠረቱ ሥር ነው። አሸንዳውስ ከተነቀለ ስንት ክረምት አለፈው? የግቢያችን አፈር መረሬ ነው፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል። ጭቃ ቤት ይህን አይችልም።

እስኪ ውሃ ባለበት ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ፣ ወደ ሮቶው የሚገባውንም ጨምረህ ዝጋና የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ጠዋት ከተለወጠ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ ማለት ነው። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ደግሞ በእርሳስ ጫር ጫር አድርግና ቀኑን ጻፍበት። ክረምቱ ሳይገባ ሮቶውን ከግድግዳው አርቀው፣ ለአሸንዳው ብር ልኬልሃለሁ።

ሊሾውን የተነሣውን ብቻ አፍርስ። መልሰህ ኮንክሪት እንዳታፈስ፣ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ አስነጥፍ። ሥሩ ነገ ቢያነሣው ድንጋዩን ነቅሎ አስተካክሎ መመለስ ነው። ከግንዱ አጠገብ ያለውን ወፍራም ሥር ግን በመጥረቢያ እንዳትነካ አደራ፣ ዛፉ የቆመው በእሱ ነው። የጦሳ ተራራ ንፋስ መጥቶ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ላይ ቢጥለው በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?

መቁረጡም እንደምታስበው አይገላግልም። ባሕር ዛፍ ነው፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እስከ ዛሬ ይመጥጠው የነበረው ውሃም አፈሩ ውስጥ ይቀርና መረሬው ማበጥ ይጀምራል፣ ያኔ ሌላ ስንጥቅ። ደግሞ እማዬን አስብ። አባባ የተከለው ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምታፈላው ከሥሩ ነው። ውሃውን ሁሉ አስተካክለን ስንጥቁ አሁንም ጭረቱን አልፎ ከሄደ፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው አምጥተን እናስቆርጣለን፤ ለእሷም እኔው ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።

ጭረቱን ስትጭር ፎቶ ላክልኝ። በቀን አንሣው፣ የበፊቱ ግማሹ ጣትህ ነው።

ወንድምህ፣ ከጅዳ